የእናቲቱ መዝገብ፣ የሕፃኑ መዝገብ

ኪዚኮስ በምትባል የጥንት ግሪኮች ከተማ አንዲት ሴት መንታ ሴቶች ልጆችን ተገላገለች። ምጧ ከባድ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አላት፤ ራሷንና አንገቷን ከበዳት፤ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። ዝም ብላ ትቆዝማለች፤ ሲያናግሯት ትኮሳተራለች፤ የሚሏትን አትሰማም። በ6ኛው ቀን ሌሊት መቃዠት ጀመረች። በ11ኛው ቀን ገደማ አእምሮዋን ሳተች፤ ደግሞ ተመለሰላት። በ17ኛው ቀን አንደበቷ ተዘግቶ ሞተች። ታሪኩ በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት በአንዱ ይገኛል። የዛሬ ሐኪም ሲያነበው ከማሕፀን ኢንፌክሽን የመጣ መታወክ ነው ቢል አይፈረድበትም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። በሽተኛዋን ቀን በቀን የተከታተለው ሰው ስለ መንትያዎቹ አንድ ቃል አልጨመረም። ማን አጠባቸው? ማን አቀፋቸው?

ይህ ጥያቄ በሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንዴት እንዳገኘ በተርታ ልተርከው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1390ዎቹ ገደማ፣ ሊን በምትባለው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ፣ የከንቲባው ልጅ ማርጀሪ ኬምፕ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። የምትሞት መስሏት ቄስ አስጠራች። ለዓመታት የደበቀችው አንድ ኃጢአት ነበራት፤ ተናግራ ሳትጨርስ ቄሱ ገሠጻት፤ እሷም አፏን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ዓመት ከስምንት ሳምንት ከጥቂት ቀን አጋንንት አፋቸውን ከፍተው ሊውጧት ሲመጡ ይታያት ነበር። እጇን ነክሳ ጠባሳው ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖረ። ሰውነቷን በጥፍሯ ትቧጥጥ ስለነበር ሌት ተቀን አሰሯት። አንድ ቀን ጠባቂዎቿ ዞር ባሉበት ክርስቶስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያናግራት አየች፤ ልቧም ተረጋጋ። ወዲያው ባሏን የጓዳውን ቁልፍ ስጠኝ አለችው። አገልጋዮቹ አይሆንም፣ ያለ የሌለውን ትበትናለች ብለው ተከራከሩ፤ እሱ ግን አዝኖላት ሰጣት። የጓዳ ቁልፍ በእጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለአገራችን ባለትዳር ማስረዳት አያሻም። ማርጀሪ ይህን ሁሉ በስተርጅና ለጸሐፊ ነግራ አስጽፋዋለች፤ ቅጂው የተገኘው በ1934 ነው። እሷም ብትሆን ታማ በነበረችበት ወራት ሕፃኑ በማን እጅ እንደነበረ አትነግረንም።

ለብዙ መቶ ዓመታት ሐኪሞቹ መንስኤው ወተት ነው ሲሉ ኖሩ። ከጡት መውጣት ያለበት ወተት አቅጣጫውን ስቶ ወደ አንጎል ይወጣል፣ ወይም መፍሰስ ያለበት የወሊድ ደም ታግዶ ራስ ላይ ይሄዳል ተባለ። እምነቱ እየተዳከመ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1820 ለንደን ውስጥ ሮበርት ጉች የተባለ አዋላጅ ሐኪም ስለ ወላዶች የአእምሮ መታወክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳተመ። በ1838 ፓሪስ ውስጥ ዣን ኤቲየን ኤስኪሮል አንድ ብልህ ነገር አስተዋለ፤ በሆስፒታል የሚመዘገቡት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ቀለል ያለው ሕመም የያዛቸው እናቶች በየቤታቸው ተደብቀው ስለሚታመሙ ማንም አይቆጥራቸውም አለ።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ የ30 ዓመቱ ወጣት ልዊ ቪክቶር ማርሴ በነፍሰ ጡሮች፣ በአራሶችና በሚያጠቡ እናቶች የአእምሮ ሕመም ላይ ብቻ ያተኮረ መጽሐፍ አወጣ። የራሱንና የሌሎችን 310 ታማሚዎች ሰብስቦ ቆጠረ። 9 በመቶው በእርግዝና፣ 58 በመቶው ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት፣ 33 በመቶው ደግሞ ከዚያ በኋላ በማጥባት ጊዜ ታመዋል። ማርሴ በ36 ዓመቱ ሞተ፤ መጽሐፉም ለመቶ ዓመት ያህል አቧራ ጠጣ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እዚያ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በ1885 ፕሮቪደንስ ከተማ ውስጥ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ካትሪን የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ሠዓሊ ነው፤ ይወዳታል። የቤት ሠራተኛ አለች፤ እናቷም መጥታ ታግዛታለች። ሻርሎት ግን ልጇን ታቅፋ ከደስታ ይልቅ እንባ ይቀድማታል። ለእረፍት ብቻዋን ወደ ካሊፎርኒያ ስትሄድ ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ቀለላት። ቤቷ ተመልሳ ወር ሳይሞላት ግን ወደነበረችበት ወደቀች።

በ1887 ፊላዴልፊያ ወዳለው ስመ ጥሩ ሐኪም ዊር ሚቸል ሄደች። የሚቸል ሕክምና ፍጹም እረፍት ነበር፤ አልጋ ላይ መዋል፣ በደንብ መመገብ፣ መታሸት፣ አለማንበብ፣ አለመጻፍ። ከወር በኋላ ወደ ቤት ሲያሰናብታት ዳግመኛ ብዕር እንዳትነካና ልጇን ዘወትር ከጎኗ እንዳትለይ አዘዛት። ትእዛዙን ለሦስት ወር ያህል ጠበቀች፤ አእምሮዋ ሊበጠስ ደረሰ። ከዚያ ትእዛዙንም ባሏንም ትታ ወጣች። በ1892 ያሳተመችው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ከዚህ መከራ የተወለደ ነው። በልቦለዱ ውስጥ ሕፃኑ በሌላ ሴት እጅ ነው፤ እናቲቱ አብራው መሆን አቅቷት ትጨነቃለች፤ ከዚያ በቀር ሕፃኑ እምብዛም አይነሳም።

በ1894 ሻርሎት የ9 ዓመት ልጇን ወደ አባቷ ላከች፤ አባትየው የሻርሎትን የቅርብ ጓደኛ ሊያገባ ነበር። ጋዜጦቹ እናት አይደለችም ብለው ዘመቱባት። እኔ የሚቸልን ትእዛዝ ሳስብ የሚያስገርመኝ ጭካኔው አይደለም፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም። እናትና ልጅን አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶ በመካከላቸው ምን እንደሚደረግ ሳይጠይቅ መቅረቱ ነው።

20ኛው መቶ ዓመት በሕግ ጀመረ ማለት ይቻላል። እንግሊዝ በ1922 ባወጣችው፣ በ1938 ባሻሻለችው ሕግ፣ ከወሊድ በኋላ በተነሳ የአእምሮ መናወጥ ከ12 ወር በታች ያለ ልጇን የገደለች እናት በነፍስ ግድያ እንዳትቀጣ አደረገች። ፍርድ ቤቱ ሕመሙን ሲቀበል ሳይንሱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። በ1926 ስትሬከርና ኢባው የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከወሊድ ጋር የተያያዘ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም የለም፣ ከሌላው የተለየ አይደለም ብለው ደመደሙ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 የሕመሞችን ዝርዝር ሲያወጣ የወላድን ሕመም ለብቻው የሚያነሳ ስፍራ አልሰጠውም።

የእናቲቱ መዝገብ ሲደበዝዝ የሕፃኑ መዝገብ ተከፈተ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን በወላጅ አልባ ልጆች ሞልቷት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንግሊዛዊውን የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢን አስጠንቶ ሪፖርቱን በ1951 አወጣ። ቦልቢ ሕፃን ከእናቱ ወይም እንደ እናት ሆኖ ከሚያሳድገው ሰው ጋር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ግንኙነት ያሻዋል አለ። ከዚህ ተነስቶ ያዳበረው ሐሳብ ዛሬ ቁርኝት የምንለው ነው። ልጆቹን ጠቅሟል። እናቶቹን ግን ከብዷቸዋል፤ ልጅ በተበላሸ ቁጥር ጣት የሚቀሰርባት አንዲት ሴት ብቻ ሆነች፤ እሷ ራሷ ታማ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

አንድ ለየት ያለ ሐኪም ነበር። በ1948 በለንደን ጫፍ በሚገኘው የካሰል ሆስፒታል ቶማስ ሜይን ልትታከም የመጣች አንዲት እናት ልጄን ትቼ አልገባም ብላ ስትከራከረው ከነልጇ ተቀበላት። ያኔ ሆስፒታሎች ለታመመ ልጅ እንኳ ወላጅ የሚጎበኝበትን ሰዓት እየቆጠሩ ይሰጡ ነበር። ሜይን ከአሥር ዓመት በኋላ ልምዱን ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በ1959 ደግሞ በባንስቴድ ሆስፒታል ለእናትና ለሕፃን የተዘጋጀ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፈተ። የሕክምናው ዓለም ያገኘው ትልቅ ሐሳብ ከአንዲት ስሟ ካልተመዘገበ ሴት እምቢታ መነሳቱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ሳይጠበቅ ወደ ጎረቤቶቻችን ይመጣል። በ1954 ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባሏ ሥራ ስላገኘ አብራው ካምፓላ ገባች። ለንደን ሳለች ከቦልቢ ጋር ሠርታለች፤ ሐሳቡን ግን ሙሉ ለሙሉ አልተቀበለችም ነበር። ከካምፓላ ወጣ ባሉ መንደሮች 26 የባጋንዳ እናቶችን ከ28 ሕፃናቶቻቸው ጋር መከታተል ጀመረች። አስተርጓሚ ይዛ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ወደየቤቱ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ፣ እናቶቹ እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ ታያለች።

ያየችውም ይህ ነበር። ሕፃኑ እናቱን እንደ መነሻ ይዞ ይድሃል፤ ራቅ ብሎ ይመረምርና ተመልሶ ጉልበቷን ይነካል፤ እንግዳ ሲያስፈራው ወደ እሷ ይሮጣል። ይህን የሚያደርገው ምግብ ስለሰጠችው ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ምን እንደሚወድ፣ መቼ እንደሚያለቅስ ጥቃቅኑን ሳይቀር የሚናገሩ እናቶች ልጆች በአብዛኛው የተረጋጉ ነበሩ። ስለ ዩጋንዳ ሕፃናት የጻፈችው መጽሐፍ በ1967 ወጣ። ዛሬ በየሥነ ልቦና ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የቁርኝት ትምህርት በኋላ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከሠራችበት ቤተ ሙከራ በፊት የተጸነሰው በእነዚያ መንደሮች ሳሎን ነው።

በ1968 ደግሞ ለንደን ውስጥ ብራይስ ፒት 305 እናቶችን ከእርግዝና እስከ ድኅረ ወሊድ ተከታትሎ 33ቱ፣ ማለትም ከአሥር አንዷ ያህል፣ ድባቴ እንደያዛቸው አሳየ። አጋንንት አያዩም፤ መታሰርም አያሻቸውም። ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ስለ ልጃቸው ይጨነቃሉ፣ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፣ ይደክማቸዋል። ኤስኪሮል በየቤቱ ተደብቀው ይታመማሉ ያላቸው እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ ሁለተኛው የካምፓላ ጉዞ ይመጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢዲ አሚን ሥልጣን በያዘበት ዘመን፣ ጆን ኮክስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም በካምፓላው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ካሳንጋቲ በሚባል ጤና ጣቢያ የሚከታተሉ ነፍሰ ጡሮችንና ወላዶችን አጠና። ሰዎቹ አማኪሮ ስለሚባል የወላድ ሕመም ነገሩት፤ በእርግዝና ጊዜ ባል ወይም ሚስት ሲማግጡ ይመጣል፣ እናቲቱን ልጇን እስከመብላት የሚያደርስ ክፉ ስሜት ያሳድርባታል ይባላል፤ መድኃኒቱም ዕፀዋት ነው። ኮክስ አገሩ ተመልሶ ኤድንብራ ላይ ተመሳሳይ ጥናት ሲሠራ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከ183 ዩጋንዳውያን እናቶች 10 በመቶ፣ ከስኮትላንዶቹ ደግሞ 13 በመቶ ድባቴ ነበራቸው። የሥልጣኔ በሽታ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ የለም የሚለው ወሬ በዚህ መፍረስ ነበረበት፤ አሁንም ድረስ ሲነገር እሰማለሁ።

ኮክስ ያን ልምድ ይዞ ከጄኒፈር ሆልደንና ከሩት ሳጎቭስኪ ጋር በ1987 የወላዶችን ድባቴ የሚለየውን የኤድንብራ መጠይቅ አወጣ። አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያለፉትን 7 ቀናት ይመለከታል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 30 ነው። ይደክምሻል ወይ፣ እንቅልፍ አጣሽ ወይ ብሎ በደፈናው አይጠይቅም፤ አራስ ልጅ ያላት ሁሉ ይደክማታል። እንቅልፍ ያጣሽው ከኀዘን የተነሳ ነው ወይ ይላል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የሕፃኑ መዝገብም ዝም አላለም። በ1972 ክሊቭላንድ ውስጥ ማርሻል ክላውስና ጆን ኬኔል 28 እናቶችን አጥንተው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 16 ተጨማሪ ሰዓት ልጃቸውን ያቀፉት ከሌሎቹ ይበልጥ ተቆራኙ አሉ። ሆስፒታሎች አዲስ የተወለደን ልጅ ነጥቀው ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ የተዉት በከፊል በዚህ ነው፤ ይመስገኑ። ግን ሐሳቡ ሲባዛ መልኩን ለወጠ። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ደም ፈሷት ራሷን የሳተች ሁሉ ሰዓቱ አለፈብኝ ብላ መጸጸት ያዘች። በኋላ የመጡ ጥናቶች ያን ያህል የሚወስን ሰዓት አላገኙም፤ ጸጸቱ ግን በየአራስ ቤቱ ቀረ።

በ1975 ኤድዋርድ ትሮኒክ አንድ ሙከራ አቀረበ። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ ለጥቂት ጊዜ ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ ዝም ትላለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ድምፅ ያወጣል። ምላሽ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይሟሽሻል። በ1985 ደግሞ ሊን መሪና ኮልዊን ትሬቫርተን ይበልጥ ረቂቅ የሆነ ሙከራ አሳተሙ። የሁለት ወር ገደማ ሕፃን እናቱን በቴሌቪዥን እያየ ያወራታል። ከዚያ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተቀዳው የዚያችው እናት ፊት ይታየዋል። ፈገግታው ያው ነው፣ ድምፁም ያው፤ ለእሱ የሚመልስ ግን አይደለም። ሕፃኑ ወዲያው ይከፋዋል። ድባቴ የያዛት እናት ልጇን ታጠባለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ የሚዘገየው ይህ ምላሽ ነው። በዚህ ሥራ ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

በ1983 ስተርንና ክራክማን የተባሉ ተመራማሪዎች በሌላ በኩል ገቡ። ምዕራባዊቷ እናት የምትታመመው አራስ ቤት ስለሌላት ይሆናል አሉ። እኛ ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጎረቤት፣ አራስ ብቻዋን አትተው የሚለው ልማድ፣ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን የሚቆየው ጥበቃ። እውነትም ያበረታል። ሆኖም በ2012 በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከወሊድ በኋላ ከአምስት እናቶች አንዷ ገደማ፣ 19.8 በመቶ፣ በእንዲህ ያለ ሕመም ተይዛ ተገኘች። ገንፎ ድህነትን አይከላከልም፤ የሚደበድብ ባልንም አያስቀርም።

የእኛም አገር ወላዶች በዚሁ መዝገብ ገብተዋል። በቡታጅራ አካባቢ ሻርሎት ሀንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ2005 ጀምሮ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት መዝግበው ተከታተሉ። በእርግዝና ጊዜ ጭንቀትና ድባቴ የነበረባቸው ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማስጀመራቸው የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ ሕመሙ ሳይለቃቸው የቆዩት እናቶች ሕፃናት ተቅማጥ ይበልጥ አጠቃቸው። የኤድንብራው መጠይቅ በገጠሩ ቡታጅራ ብዙም አልሠራም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ የተሻለ ሆነ። በ2010 በታተመው ጥናት ደግሞ ያው የኤድንብራ መጠይቅ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ በመጡ እናቶች ላይ ደህና ሠራ። በመካከል ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ሴቶቹ ጭንቀታቸውን የሚናገሩበት መንገድ ግን ይለያል።

ቀጥሎ ሁለት ሙከራዎች መጡ፤ የዚህ ታሪክ ቋጠሮ ያለው እዚህ ይመስለኛል። በ2008 በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር አቲፍ ራህማን ሴት የጤና ሠራተኞችን አሠልጥኖ ድባቴ ካለባቸው 903 ነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉን በየቤታቸው እንዲያማክሩ አደረገ። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው በድባቴ የቀሩት 23 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ምክሩን ካላገኙት 53 በመቶ ነበሩ። ትልቅ ድል ነው። በ2009 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ካየሊቻ ሰፈር ፒተር ኩፐርና ማርክ ቶምሊንሰን የሰፈሩን ሴቶች አሠልጥነው ከ449 እናቶች ግማሽ ያህሉን ከልጃቸው ጋር እንዴት እንደሚግባቡ እንዲያግዙ ላኩ። በ18 ወራቸው የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ሕፃናት ካልታገዙት እናቶች ዘንድ 63 በመቶ፣ ከታገዙት ዘንድ 74 በመቶ ሆኑ። በድባቴ የተያዙት እናቶች ቁጥር ግን ያን ያህል አልቀነሰም። በ2015 የራዋልፒንዲዎቹ ልጆች በሰባት ዓመታቸው ሲታዩም እናቶቻቸው የታከሙላቸው ካልታከሙላቸው በዕድገታቸው የተለዩ አልነበሩም።

አንደኛው እናቲቱን አዳነ፤ ሁለተኛው ግንኙነቱን አደሰ፤ አንዱ ሌላውን በራሱ ይዞ አልመጣም። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሁለቱን ለየብቻ መዝግበው ተሳሳቱ፤ አንድ ናቸው ብሎ መደምደሙም አላዋጣም።

በመጋቢት 2019 አሜሪካ ለድኅረ ወሊድ ድባቴ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቀደች። ብሬክሳኖሎን ይባላል፤ ለ60 ሰዓት በደም ሥር ይንጠባጠብ ነበር፤ ዋጋው ወደ 34,000 ዶላር ነበር። እናቲቱ ድንገት ራሷን ልትስት ስለምትችል መድኃኒቱ እየገባ ልጇን በምታገኝበት ጊዜ ሁሉ ሌላ ሰው አብሯት እንዲኖር ታዘዘ። በነሐሴ 2023 የሚዋጠው ዙራኖሎን ተከተለ፤ ማታ ማታ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ለ14 ቀናት ይወሰዳል፤ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም። በሙከራው በዋናነት የተለካው እናቲቱ በ15ኛው ቀን ምን እንደሚሰማት ነው።